በፍሪጁ ሥር ስለታየው ውሃና ስለ ሠርጉ ኬክ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን። ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ በደንብ አላውቅም፤ ይህ ሁለተኛዬ ነው። ጸሐፊ የሆንኩት "እሷ እንደሆነች አትናገርም፣ ትጻፍ" ተብሎ በሙሉ ድምፅ ስለተወሰነ ነው። የእኔም ድምፅ ተቆጥሯል፤ እጄን ግን አላወጣሁም ነበር።

ቦታ፦ ጎጆ ብለን በምንጠራት፣ አልጋና ወጥ ቤት ባላት መኪናችን ውስጥ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ።

የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

የተገኙ፦
አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፦ ሰብሳቢ
አባቴ፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር፦ አባል
አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የፊዚክስ መምህር፣ በቅጽል ስሙ ቲዎሪ፦ አባል
እናቴ፣ ኬክ ሠሪ፦ አባል (መቀመጫ ስላልበቃ ቆማ)
እኔ፦ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጎቴ ለስላሳ ሊገዛ ወጣ ሲል ምልዓተ ጉባኤው እንዳይጎድል ሰብሳቢዋ መልሰውታል።

ለማያውቅ ሰው፦ ያለ ውሳኔ በጎጆ ውስጥ ምንም አይደረግም። ደንቡን ያወጡት አክስቴ ናቸው። ወደ ሠርጉ ጉዞ ስንጀምር አባቴና አጎቴ መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል ተኳርፈው እስከ ምሳ ስላልተነጋገሩ ነው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ የሚከፈተው በስብሰባ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ውሃው ከየት እንደመጣ ማጣራት

እናቴ ከጠዋት ጀምሮ በፍሪጁ በር ሥር ውሃ እየወጣ መሆኑን አስረድታለች። ፍሪጁ ውስጥ ለነገው የታናሽ እህቷ ሠርግ የሠራችው ባለ ሦስት ደርብ ኬክ በሦስት ካርቶን ተለያይቶ እንዳለ፣ ትልቁ ደርብም ከታች እንደተቀመጠ አስታውሳለች። ሙሽራዋ "ሌላው ቢጎድል ግድ የለኝም፤ ኬኩ ግን ያንቺ እጅ ይሁን፣ ሦስት ደርብ ይሁን" ማለቷን ገልጻ፣ "እባካችሁ ፈጠን በሉ" ብላለች። ሰብሳቢዋ "ፈጠን በሉ" የሚለው ሐሳብ በአጀንዳ ስላልተያዘ ወደ ልዩ ልዩ ጉዳዮች እንዲዛወር አዘዋል።

አጎቴ ሳይንሱን አብራርቷል። ፍሪጅ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ጀርባው ጤዛ ይይዛል፤ ጤዛው ወርዶ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ ይገባና በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይፈስሳል። ስለዚህ ቀዳዳዋ ተደፍናለች ብሏል። ይህን ለማሳየት በሩን ከፍቶ ረጅም ትምህርት ሰጥቷል። እናቴ "በሩን ዝጋው ወንድሜ" ብላ ደጋግማ ጠይቃለች። አጎቴ ጥያቄ በመጨረሻ እንደሚቀበል ገልጿል።

አባቴ በበኩሉ፣ አውቶቡስ በነዳበት ዘመን ሁሉ ውሃ ሲፈስ ጥፋቱ የራዲያተር ሆኖ እንዳገኘው ተናግሮ፣ የፍሪጁ ራዲያተር ይፈተሽ ብሏል። አጎቴ ፍሪጅ ራዲያተር የለውም ሲል፣ አባቴ "አንተ ደግሞ የምታውቀው የሌለውን ብቻ ነው" ብሎ መልሷል። ሰብሳቢዋ ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዋል። ወጥቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቀዳዳዋ በለስላሳ መጠጫ ስትሮ እንድትፈተሽ ተወስኗል። አጎቴ ስትሮውን አስገብቶ በኃይል ሲነፋ፣ ከመኪናው ሥር አንዲት ድመት እየጮኸች ሮጣ ወጥታለች። ቀዳዳዋ ክፍት መሆኗ በዚሁ ተረጋግጧል።

አጀንዳ ሁለት፦ መፍትሔ መፈለግ

አባቴ፣ ውሃው ወደ ፊት ለመምጣት ከቆረጠ መንገድ መከልከል ተገቢ ስላልሆነ፣ በበሩ በኩል አዲስ ቀዳዳ በድሪል ይበጅለት የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ድሪሉንም ይዞ መጥቷል። እናቴ ድሪሉን ተቀብላው እስከ ስብሰባው መጨረሻ ከኋላዋ ደብቃ ይዛዋለች።

አጎቴ ወለሉ በወረቀት ይነጠፍ ብሏል፤ ከውሳኔ በፊትም ያገኘውን ወረቀት ሁሉ አንጥፏል። ሰብሳቢዋ "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" ሲሉ ተቃውመዋል። አጎቴ በወረቀት እያፈሰው መሆኑን በመግለጽ ተከራክሯል።

በዚህ መሃል ጸሐፊዋ እርሳሷ ከጠረጴዛው ላይ ወደ መኪናው ኋላ እየተንከባለለ ስላስቸገራት፣ "ምናልባት መኪናው..." ብላ ጀምራ ትታዋለች። እናቴ "ጨርሺው እንጂ የኔ ልጅ" አለች። ጸሐፊዋ መኪናው ወደ ኋላ የተዘቀዘቀ እንደሚመስላት፣ ፍሪጁም ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሆኖ በሩ ወደ ኋላ ስለሚከፈት፣ ውሃው ቀዳዳዋ ጋ መድረስ ትቶ ወደ በሩ እየወረደ ይሆናል ብላለች። ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም።

ሌሎቹ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረዋል። በትናንትናው ስብሰባ፣ አክስቴ ሲተኙ ራስጌያቸው ወደ መሪው በኩል ስለሆነ ከፍ እንዲልላቸው፣ የፊት ጎማዎቹ ድንጋይ ላይ እንዲወጡ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ነበር።

አባቴ "በቃ፣ ላውርዳት" ብሎ ሲነሳ ሰብሳቢዋ አስቀምጠውታል። የጸና ውሳኔ ሳይሻር መኪናው ንቅንቅ እንደማይል፣ ለመሻርም መጀመሪያ የትናንቱ ቃለ ጉባኤ መነበብ እንዳለበት አስረድተዋል። አባቴም "እትዬ፣ ድንጋዩን እኮ እኔው ነኝ የተሸከምኩት፤ ቃለ ጉባኤው አልተሸከመም" ብሏል። ቃለ ጉባኤው ሲፈለግ አጎቴ ፍሪጁ ሥር ካነጠፋቸው ወረቀቶች መካከል ተገኝቷል። ቀለሙ ስለታጠበ "ተወስኗል" ከሚለው በቀር አይነበብም። የማይነበብ ውሳኔ ይሻራል ወይስ አይሻርም በሚለው ላይ ሰፊ ክርክር ተደርጓል።

አጀንዳ ሦስት፦ ኬኩ

አጀንዳው የተከፈተው ሳይታወጅ ነው። ክርክሩ እንደቀጠለ እናቴ የታችኛውን ካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። የካርቶኑ ሥር ርሶ ተቦጭቆ ፍሪጁ ውስጥ ቀርቷል። ትልቁ ደርብ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አብጧል።

እናቴ አባቴን "ተነሣና መኪናውን አውርድ" ብላዋለች። ሐሳቡን የደገፈ ሰው አልነበረም፤ ድምፅም አልተሰጠበትም። አባቴ ግን ወዲያው ወርዷል። መኪናው ከድንጋዩ ሲወርድ፣ ከሥራችን ውሃ በቱቦው ሲንቆረቆር ሁላችንም ሰምተናል። ማንም አላጨበጨበም።

ስለ ረጠበው ደርብ አጎቴ በፀጉር ማድረቂያ ይድረቅ ብሏል። አባቴ ይገልበጥ ብሏል። ሰብሳቢዋ ከመወሰኑ በፊት ጉዳቱ እንዲጣራ ናሙና ይቀመስ ብለው፣ ማንኪያ ታድሏል። የመጀመሪያው ናሙና በቂ ስላልነበረ ሁለተኛ ተወስዷል። ከደረቁ በኩልም ለማነጻጸሪያ ተቀምሷል። በመጨረሻ የሚጣራ ነገር አልቀረም። እናቴም አንድ ማንኪያ ወስዳ፣ "ስኳሩ ልክ ነበር" ብላ ዞር ብላለች።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

"ፈጠን በሉ" የሚለው ሐሳብ ቀርቦ፣ ጊዜው ስላለፈበት ተዘግቷል።

እናቴ፣ እህቷ ሁለት ደርብ ብቻ ስታይ "ለሰው ሲሆን ትጠበባለች፣ ለኔ ሲሆን ሰነፈች" እንደምትል፣ ይህንንም መቼም እንደማትረሳው ተናግራለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። በዚህ የተነሳ የሚከተለው ተወስኗል፦ ትናንትም ዛሬም የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ ፍሪጁ ውሃ አፍስሶ አያውቅም፤ ኬኩ ከመጀመሪያውም ባለ ሁለት ደርብ ነበር፤ ትልቅ ኬክ ከፋሽን ወጥቷል፤ ይህ ስብሰባም አልተካሄደም። እናቴ ድምፅ አልሰጠችም። ማንኪያዎቹን እያጠበች ነበር።

ይህን ለሙሽራዋ ማን ያስረዳ በሚለው ላይ፣ አጎቴ ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ሙሽራዋ እህቱ ከልጅነት ጀምሮ እንደምታውቅ ገልጿል። አባቴ ሳቄ ያመልጠኛል ብሏል። አክስቴ የፍርድ ቤት ሰው መዋሸት እንደማይገባው፣ ማስዋሸት ግን እንደማይከለከል አስረድተዋል። ስለዚህ ማንም የማይጠረጥራት ጸሐፊዋ በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል። ያልተካሄደ ስብሰባ የተበተነበት ሰዓት ይጻፍ አይጻፍ ስላልተወሰነ ጽፌዋለሁ።

የሚከተለው ለስብሰባው አልቀረበም። ነገ እንደደረስን መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ሙሽራዋ እሄድና፣ "ሦስት ነበር፤ እናቴ ሦስቱንም አሳምራ ሠርታ ነበር፤ ትልቁን ተሰብስበን በላነው" እላታለሁ። ሳትጠይቀኝ ቀድሜ ነው የምነግራት፤ ከጠየቀችኝ እደነግጣለሁ።