ጀልባው እንዳይመጣ

ትናንት ሌሊት እጄ እምቦጭ እምቦጭ እየሸተተ ተኛሁና ሕልም አየሁ።

መንደራችን ጣና ዳር ወጥቶ ያንን መጤ አረም ሲነቅል ሰንብቶ ነበር። ወገባችን እስኪቆረጥ ነቅለን እውሃው አፋፍ ላይ ከመርነው። ክምሩን የሚመለከተው አካል በመኪና ያነሣዋል ተባልን። ለዘመቻው የመጡት ባለቲሸርቶች ፎቶ ተነሥተው ሄዱ፤ ግንቦት አልቆ ሰኔ ገባ፤ መኪናው የለም። እኔ በየቀኑ ከክምሩ ወደ ውሃው የሚንከባለለውን እመልሳለሁ። ሌላው ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሚስቴ እንጉዳይ ወሯ ገብቷል፤ ለአራስ ቤት የሚሆነው ሁሉ ዓሣ ለማስገር ታንኳዬ ከምትወጣባት ከዚያች የሐይቁ ጥግ ነው የሚገኘው። ከእሷ ሌላ ማሳ የለኝም።

በሕልሜ ድምፅ ማጉያ ጮኸና ወጣሁ። እምቦጮቹ በሥሮቻቸው ቆመው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበዋል፤ እኛ ደጅ ተሰልፈናል። አናቷ ላይ ሐምራዊ አበባ የሰካች አንዲት እምቦጭ ከመድረክ አዋጅ ታነባለች።

«ሰው የተባለው መጤ ዝርያ በፍጥነት እየተራባ ዳርቻውን ስለሸፈነው፣ ከዛሬ ጀምሮ በዘመቻ ይነቀላል።»

እጄን አወጣሁ። «እመቤቴ፣ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩ። አባቴም እዚሁ ነው።»

«አያትህስ?»

«አያቴ ከደምቢያ ነው የመጣ።»

«መጤ ሁሉ እዚሁ ተወለድኩ ነው የሚለው» አለችና ቀጠለች። ነገሩ ከነከነኝ። እኔም ስነቅላት የት እንደተወለደች አልጠየቅኋትም።

ከዚያ አስፋልት ላይ ነበርኩ። ቆሮሶ የምንላቸው ዓሦች መንገዱ ዳር ጃንጥላ ተክለው፣ ወንበር ላይ ተደላድለው መንጠቆ ይወረውራሉ። መንጠቆው ላይ የተሰካው ማኅተም ያለበት የስብሰባ ጥሪ ነው። አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ሮጦ ዋጠው። ጎትተው አወጡት፣ ቁመቱን ለኩት፣ አቅፈውት ፎቶ ተነሡና ለቀቁት።

«አትበሉትም እንዴ?» አልኩ።

«ለመብል አይደለም፤ ለመዝናናት ነው» አለኝ አንዱ ቆሮሶ፣ አዲስ ጥሪ እየሰካ። ሰውየው ከንፈሩን እየጠራረገ ተመልሶ መጣና እሱንም ዋጠው።

ቤቴ ስደርስ ሪዙን ያበጠረ አምባዛ ዓሣ መረብ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ሰዉን አንድ በአንድ በመረቡ ቀዳዳ እያሳለፈ ይለካል። ያለፈ ገና ትንሽ ነውና ይለቀቃል፤ ያላለፈ ይነቀላል። የእኔ ጭንቅላት ተቀረቀረ። የእንጉዳይ ተራ ሲደርስ ሆዷን አየና መረቡን ሰበሰበ።

«ይቺ ልትወልድ ነው። ሕጉ አይፈቅድም፤ ትለቀቅ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

«አታመስግነኝ» አለ። «እኛም ልንወልድ ወደ ወንዝ ስንወጣ እንዳንነካ ሕግ ነበራችሁ። እናንተ ግን ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግታችሁ ነበር የምትቀበሉን።»

 እንጉዳይ መረቡን ያዘችበት። «እሱን ወስደህ እኔን ብትለቀኝ ምን ይረባኛል? ልጁን ከማን ጋር ላሳድገው?»

«ስለዚያ የሚናገር አንቀጽ የለም» አለና ለነቃዮቹ አስረከበኝ።

እምቦጮቹ ቲሸርት ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው መጡ። የበሩን መቃን አቅፌ ያዝኩ። «ከነሥሩ ነው፣ ከነሥሩ» ይላል አለቃቸው። ተነቀልኩ። መንደሩን ሁሉ ከደረቅ መሬት እየነቀሉ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንዱን ባንዱ ላይ ከመሩን። ድምፅ ማጉያው፣ ክምሩን የሚመለከተው አካል በጀልባ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል አለ። ነቃዮቹ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

ከክምሩ ላይ ሆኜ ቤቴ ይታየኛል። እንጉዳይ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወደ እኛ ታያለች። ጥልቁ ውስጥ ከገባሁ መመለስ እንደሌለ አውቄ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አሉኝ ጎረቤቴ አያ ባይነሳኝ። ከሥሬ ነበሩ። እኔን ፀሐይ ሲያደርቀኝ እሳቸው እንደረጠቡ ናቸው።

«ጀልባው ሊመጣ ነው።»

«አይመጣም። ነዳጅ ሲገኝ ነጂው ስብሰባ ነው፤ ነጂው ሲገኝ ነዳጅ የለም። እንዲሁ ረስተውን ክረምቱ ይገባል። ያን ጊዜ ውሃው ይጎድልና ወደየቤታችን እንሄዳለን።»

«ክረምት ሲገባ ሐይቅ ይሞላል እንጂ ይጎድላል እንዴ?»

«እዚህ ሁሉም ተገልብጧል። ዝም ብለህ ጀልባው እንዳይመጣ ጸልይ።»

ጸለይኩ። በሕይወቴ እንዲያ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። ክምሩ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ሽማግሌው፣ ዲያቆኑ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር፣ ጀልባው ተበላሽቶ እንዲቀር ይለምናል። ደመናው ጠቆረ፣ አንጎደጎደ፣ ውሃውም እንደተባለው መጉደል ጀመረ። ከላይ ያለነው እየተንከባለልን ወረድን። እግሬ ጭቃ ነካ። «እድሜ ለሚመለከተው አካል፤ እንኳንም ረሳን» እያልኩ፣ እየሳቅኩ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። እንጉዳይ እጇን ዘረጋችልኝ። ልይዘው ስል ትከሻዬን ነቀነቀችኝ።

«ተነሥ፤ አያ ባይነሳኝ ይጠሩሃል።»

ነግቷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። አያ ባይነሳኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳርቻው ላይ ቆመዋል። ክምሩ በቦታው የለም።

«መኪናው መጣ?» አልኩ።

«ሐይቁ ነው የመጣው። ሌሊቱን ሞላና አነሣው።»

ታንኳዬ የምትወጣባት ጥግ ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆናለች። ከክምሩ ሥር እንደረጠበ የከረመው ሁሉ ተንሳፍፏል፤ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ወደነበረበት ይመልሰዋል። እምቦጮቹ መግቢያዋንም መውጫዋንም ያውቃሉ። ደስታቸው ገባኝ፤ አሁን ገና በሕልሜ እኔም ነበርኩበት።

እንጉዳይ ሆዷን ደግፋ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ውሃውን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች።

«ሌሊት በእንቅልፍህ ስትስቅ ነበር» አለች። «ምን አግኝተህ ነው?»