ግርማ ሞገስ ያለው ኒኬል

ክብርን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይወድም። የዘይት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ክብርን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ጠረጴዛቸው በበሩ አልገባ ብሎ ግድግዳ ፈርሶለታል። እኚህ ሰው አንድ ቀን ዘይት እየረጋ የአትክልት ቅቤ ወደሚሆንበት ክፍል ብቅ ቢሉ፣ በስብ የተለወሰ ጥቁር ዱቄት በጣሳ አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ኒኬል ነው ጌታዬ» አለች ኬሚስቷ። «ዘይቱ ከሃይድሮጅን ጋር ቶሎ እንዲዋሃድና እንዲረጋ ያደርጋል። ሥራው የሚሠራው በብረቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር የሚሠራው ገጽ ይበዛል።»

«ልጄ፣ እኔ በምመራው ቤት ብናኝ ሥራ አይሠራም!»

ወዲያው መመሪያ ወጣ፦ «የድርጅቱን ገጽታ ከማጉላት አንጻር፣ ከጡጫ ያነሰ ኒኬል ጥቅም ላይ እንዳይውል።» ጡጫ የሚያካክሉ የኒኬል ድብልብሎች መጡ። እውነትም ያምሩ ነበር።

ዘይቱ ግን መመሪያው አልደረሰውም መሰለኝ፣ አልረጋም። ሐሙስ ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ ሊመጡ ነው። የረጋ ቅቤ ካላዩ ሥራ አስኪያጁን ከወንበራቸው እንደሚያነሱ ነግረዋቸዋል። ሰብሳቢዋ አክስታቸው ናቸው። የሚራሩ አክስቶች ግን ያሉት ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ኬሚስቷን አስጠሩ።

«ለምንድን ነው የማይሠራው?»

«ድብልብሉ የሚሠራው በቆዳው ብቻ ነው ጌታዬ።»

«ውስጡስ ምን ያደርጋል?»

«ምንም። ተቀምጧል።»

«ከነክብሩ?»

«ከነክብሩ።»

ሥራ አስኪያጁ ውስጡን ከልብ አዘኑለት፤ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። «እንግዲያው ጨምሩበት!» አሉ። ተጨመረ። ማማሰያው ድብልብሎቹን እያንገጫገጨ ጎረቤት አስበረገገ።

ሐሙስ ሰብሳቢዋ መጡና በማንኪያ ሊቀምሱ ቢሉ ዘይቱ ክንዳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ቅቤ የምትለው ይህን ነው?»

«በመርጋት ሂደት ላይ ነው እትዬ።»

«እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ ነው የሚረጋው?»

ኬሚስቷን ጠሩ፤ እሷም የገጹን ነገር አስረዳቻቸው። ሰብሳቢዋ የወንድማቸውን ልጅ ከእግር እስከ ራስ አዩት።

«ገባኝ። ኒኬሉም ይፈጭ፣ ኃላፊነቱም ይፈጭ!»

ኒኬሉ ወደ ዱቄትነቱ ተመለሰ፤ ዘይቱም ረጋ። የሥራ አስኪያጁ ወንበር ደግሞ ለአርባ ትንንሽ ኃላፊዎች ተከፋፈለ። ምርጫው በግልጽ ውድድር ነበር፤ ውድድሩም በሰብሳቢዋ ሳሎን ተካሄደ። አርባውም አክስቴ ነው የሚሏቸው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የግራ በር እጀታ ኃላፊ ሆኑ።

አርባዎቹ በመጀመሪያው ቀን ለትውውቅ ስብሰባ ገቡ። ክፍሉ ይሞቃል። በማግስቱም አልወጡም። የግራ በር እጀታ ኃላፊ መካከል ላይ ነበሩ። ከየአቅጣጫው ዘመድ ደግፏቸው፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃቸው፣ እንዲህ ተመችቷቸው አያውቅም።

ሰብሳቢዋ በበሩ ቀዳዳ አጮልቀው ኬሚስቷን ጠሩ።

«ፈጭቻቸው የለም እንዴ? ምን ሆነው ነው?»

«ሙቀት ሲበዛ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ እትዬ። ተመልሰው ድብልብል ይሆናሉ።»

«አንቺ ኒኬሉ እንዲህ ሲሆን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አውጥቼ ጥዬ አዲስ አመጣለሁ።»

ሰብሳቢዋ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ታድለሽ! ኒኬል ዘመድ የለውም።»