የቺፍ ኦጉቱ ፊሽካ

ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው የሌለበት መንደር ዓለም ላይ የለም። የእኛ መንደር ባለፊሽካ የመንግሥት ሹሙ፣ ክቡር ቺፍ ኦጉቱ ናቸው። ሹመታቸው ከናይሮቢ፣ ካኪያቸው ከናይሮቢ፤ ሳላቸው እንኳ ከናይሮቢ የተላከ ይመስላል። አንዴ ዕብድ ውሻ አባሯቸው ዛፍ ላይ ወጡ። "እንግደለው?" ብንላቸው፣ ከላይ ሆነው "ከናይሮቢ ታዟል?" አሉን።

እኔ አዴሮ የካውንቲው፣ ማለት የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ጤና ሠራተኛ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ እቀናባቸዋለሁ። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ "እጃችሁን ታጠቡ" ስል ሰዉ "እሺ ልጄ" ይልና ፀሐይ ላይ ያሰጣውን ዓሣ ይገለብጣል። እሳቸው ፊሽካ ሲነፉ ፍየሉም ይቆማል።

መንደራችን ያለበት ሐይቅ ዳር ኮሌራ ሲገባ ካውንቲው ትእዛዝ አወጣ፤ ክሎሪን ያልገባበት ውሃ ለቅሶ ቤት እንዳይጠጣ። ወረቀቱን ይዤ እሳቸው ጋ ሮጥኩ። ገለባብጠው አዩት።

"ከናይሮቢ ታዟል?"

"ጤና እኮ የካውንቲ ነው፣ ክቡር ቺፍ።"

"ፊሽካው የናይሮቢ ነው። ደብዳቤ ይምጣ፣ ልጄ።"

በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጁ ኦምቦጎ በኮሌራ ሞተ። ለቀብሩ ሁለት መቶ ሰው መጣ። በርሜሉ ሙሉ ውሃ፣ በቀጥታ ከሐይቁ የተቀዳ! ወንበር ላይ ወጥቼ "አትጠጡ!" አልኩ።

"መጮህ ካማረሽ እንደ ሰው አልቅሺ!" አሉኝ አንዲት አሮጊት።

እዚያው ለቅሶው ላይ ወደነበሩት ቺፍ ሄድኩ። "የዚህን ቀብር ፈቃድ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ደብዳቤው እስኪመጣ ስንት ይጽፋሉ?"

አንዲት ሴት ጣሳ ይዛ ወደ በርሜሉ ስትሄድ አዩ። ፊሽካውን ከአንገታቸው አወለቁ።

"እኔ ሳልታዘዝ አልነፋም። አንቺ ግን የካውንቲ ነሽ፣ ማን ይከለክልሻል?"

ተቀብዬ በባልዲ በያዝኩት የክሎሪን ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

"አፌ ኮሌራ አለው እንዴ?" ብለው ተቆጡ።

"ከናይሮቢ ታዟል" አልኳቸው።

ነፋሁ። ሁለት መቶ ሰው ቀጥ አለ፣ ጣሳውም አየር ላይ ቀረ። ግን ሁሉም ዞሮ ያየው እሳቸውን ነው! የነፋሁት እኔ፣ የሚታዩት እሳቸው። እዚህም ቀናሁባቸው።

ቺፍ ቆባቸውን አወለቁና "ምን ታዩኛላችሁ? እሷን ስሙ!" አሉ።

ሰሙኝ። በርሜሉ ተደፋ፣ ክሎሪን የገባበት ተቀዳ። ከዚያ ለቅሶ የታመመ ሰው የለም። የናይሮቢ ደብዳቤ የደረሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ፊሽካውን ልመልስ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝና፣ ዓይኔ እያየ፣ ደጃፋቸው ላይ ያለ የክሎሪን ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ባልዲውን ያስቀመጡት ማንም ሳያዛቸው ነው።

ከእኔ ባልዲ ይበልጣል። በእሱም ቀናሁ።