ከቡና ገለባው ስር የተፈለፈለው

የሰፈሬ የመንደራ ቆጪ ሰው ያላመነኝን እናንተ ልታምኑኝ? ሞክሩ እስቲ።

ሰው ስለ ጎረቤቱ ትዳር ያወራል፣ ስለ ልጁ ውጤት ያወራል፣ «ቤታችሁ ይሸታል» ግን ቢገድሉት አይልም። ይሉኝታ አፍንጫ ያስይዛል እንጂ አፍ አያስከፍትም።

ክረምት ሲገባ በእኛና በጎረቤታችን በአዴ ዘይነባ ግቢ መሀል የሞተ ነገር ይሸት ጀመር። አጥሩ ላይ እናቴና አዴ ስኳር ሲያልቅ፣ ወሬ ሲመጣ የሚመላለሱባት ትንሽ በር አለች። እናቴ ከእነሱ ነው ብላ ዝም። አዴ ከእኛ ነው ብለው ዝም። በሯ መከፈት አቆመች። ጭራሽ እናቴ «ውሻ እየገባ አስቸገረ» ብላ፣ በሯን ቅዳሜ መጥቶ እንዲያሽጋት ለአናጢ ነገረች። ውሻው እኮ የእኛው ነው።

እኔ ደግሞ ያቺን በር እወዳታለሁ፤ የአዴ ሳምቡሳ የሚያልፈው በእሷ ነው። አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ዝንቦቹን ተከተልኩ። ዝንብ ይሉኝታ የለውም። አጥሩ ስር፣ ለሙዙ ተክል ማዳበሪያ ብለን የከመርነው የቡና ገለባ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጣት የሚያህል፣ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ላይ ንፍጥ የተቀባ እንጉዳይ። የጅብ ጥላ እንዳልለው ጥላ የለውም። ሽታው ብቻ ነው የጅብ።

ስልኬ ላይ ስፈልግ፣ ከእንቁላል የሚወጣ፣ በክርፋቱ ዝንብ የሚጠራ እንጉዳይ አለ ይላል። ገለባውን ስጭር እውነትም ነጭ እንቁላል የመሰለ ነገር ተቀብሯል። ሁለቱንም ጠራኋቸው።

«ደግሞ ይሄን ከየት አምጥተሽ ነው የተከልሽው?» አለች እናቴ።

«ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ባለፈው የእኔንና የእናትሽን ሸበጥ አንድ አንድ እግር ቀያየርሽ፤ አሁን ደግሞ ይሄን?» አሉ አዴ።

ሪከርዴ ጥሩ አይደለም፤ አልካድኩም። እንቁላሉን ከነገለባው ጣሳ ውስጥ አድርጌ ለአዴ ሰጠኋቸው። «እርስዎ ጋ ይደር፤ እኔ አልነካውም» አልኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በማግስቱ ጠዋት ትንሿ በር ተንቋቋች። አዴ ጣሳውን ከፊታቸው አርቀው ይዘው ብቅ አሉ።

«ያ ረቢ፣ ተፈልፍሎ አደረ።»

እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ስትስቅ አመለጣት፤ «እኔኮ ከእርስዎ ቤት መስሎኝ…»

«እኔም ከእናንተ» አሉ አዴ።

አናጢው ቅዳሜ መጣ፤ የበሯን የላላ ማጠፊያ አጥብቆ፣ ሳምቡሳ በልቶ ሄደ።

አሁን እናቴ ስታወራው እንጉዳዩን ያገኘችው ራሷ ናት። እኔ ሳወራ ሰፈሩ ይስቃል። እናንተ አውሩልኝ፤ ከእናንተ አፍ ሲወጣ ያምኑታል። ጣሳው ከነእንጉዳዩ የት ገባ ካሏችሁ ግን፣ አላየንም በሉ።