የእንግሊዙ ሰላይና የጋሼ ሰይድ ግብዣ

እኛ ሰፈር ሰላይ ሆኖ መኖር የሚቻል አይመስለኝም። ምስጢር መጠበቅ አቅቶን አይደለም፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው አይተን ማለፍ ስለማንችል ነው። ገና ወንበር ሲስብ «አገርዎ የት ነው?» እንለዋለን፤ ሻዩ ሳይቀርብለት ዘመድ እናገኝለታለን። ታዲያ ስለላው መቼ ይሠራል?

ባለፈው ዓመት ግን ሆሊውድ አጠገብ ባለው የሐበሾች ሰፈራችን፣ ፌርፋክስ ላይ፣ አንድ ሰላይ መጣብን፤ ያውም የእንግሊዝ። እንዳትደነግጡ፣ የፊልም ነው። እንግሊዞቹ አፍሪካ የሚያደርስ ባጀት ስላልነበራቸው የእኛን ምግብ ቤት አፍሪካ አደረጉት። ተመጋቢ ሆነን እንድንቀመጥ እኔንና ጋሼ ሰይድን መረጡን። ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሆሊውድ የስንቱን ተዋናይ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው፣ ራሳቸው ካሜራ ፊት ሲቀርቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ክራቫት አስረው መጡ።

የዳይሬክተሩ ትእዛዝ አጭር ነው። ሰላዩ ሲገባ ማንም ቀና ብሎ እንዳያየው። ዝም ብላችሁ ብሉ።

ሰላዩ ገባ። ከሲታ ነው፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ግራ ቀኙን እያየ አጠገባችን ቆመ። እኔ ዓይኔን ሽሮው ላይ ተከልሁ። ጋሼ ሰይድ ግን ሰው ቆሞ እሳቸው ሊበሉ? ጉሮሯቸው እንቢ አለ።

«ኑ እንጂ፣ እንብላ!» አሉት፣ በአማርኛ።

ዳይሬክተሩ ሊጮኽብን ነው ስል፣ ጭራሽ ፊቱ በራ። «ግሩም ነው፤ እንዳለ ይቆይ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሰይድ ይህን ያላወሩለት ሰው የለም።

ፊልሙ የወጣ ቀን ሳሎናቸው ጢም ብሎ ሞላ። ጋሼ ሰይድ በቴሌቪዥኑ ቀና ብለው «ኑ እንጂ፣ እንብላ!» ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ወዲያው እዚያው ፊልሙ ውስጥ፣ ጥግ ከተቀመጡት ተመጋቢዎች አንዱ ሽጉጥ አወጣና ሰላዩን ደፋው። እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው ራሷን ያዘች።

«አባዬ፣ ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰብታይትል አላየኸውም? ‹ሰውየው እሱ ነው፣ ጨርሱት› ነው የሚለው!»

ጋሼ ሰይድ ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔ ሰው ጋበዝኩ እንጂ መች አስገደልኩ? ነገ መስጊድ በምን ዓይኔ ነው የምገባው?»

ልጅቱ እዚያው ዳይሬክተሩ ዘንድ ደወለች፤ ስልኩንም ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገችው። ሰውየው ደጋግሞ ይቅርታ ጠየቀ። አማርኛ የሚያውቅ ስላልነበራቸው የአባቷን ፊት አይተው ያሉትን በግምት ነው የተረጎሙት። ለማስተካከል ባጀት የለም። ግን ያ የአባቷ ፊት ከዓይኑ አልጠፋም፤ ለሚቀጥለው ፊልም ዋና ገዳይ አድርጎ ሊወስዳቸው ይፈልጋል።

ጋሼ ሰይድ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። ልክ ልኩን ሊነግሩት ነው ብለን ተጠጋን። ለዕለቱ ያሰሩትን ክራቫት አስተካከሉ።

«ሶ» አሉት በእንግሊዝኛ፣ «ገዳዩ ብዙ ይናገራል?»