ዓለምን የዞረው የወይዘሮ አይኖ ስም

በየአፓርታማው ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ ራሱ ከሰፈሩ ገበያ አልፎ የማያውቅ፣ ስሙ ግን ዓለምን የዞረ። "እኔ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለኝም" የሚል ካለ ወይ የሚኖረው ጫካ ውስጥ ነው፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

በእኛ ቱርኩ ከተማ፣ በእኛ ህንጻ፣ ይህን ማዕረግ የያዘችው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ክብርት ወይዘሮ አይኖ ናት። እዚህ ኖረው የሚያልፉ የውጭ አገር ሰዎች ሴት ልጆቻቸውን በስሟ ይሰይማሉ። አንዷ ትንሽ አይኖ ኦሳካ ናት፣ አንዷ ናፖሊ፣ ሁለቱ ቺሊ። ክብርትነቷ አዲስ ዜና ሲደርሳት ወደ ጋራው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትወርዳለች፤ የማጠብ ተራዋ ይሁን አይሁን ግድ የላትም። በሩ ላይ ቆማ "ስሜ ተሳፈረ!" ትላለች።

"ደግሞ ወዴት?" እላለሁ አንሶላዬን እያጠፍኩ።

"ሊማ። ባሕር አላት አሉ።"

"ላንቺ ምን ይፈይድልሻል? ዋና አትችይ።"

"ስሜ ይችላል።"

እኔ ፒርኮ እባላለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፣ በተለይ የክርስትና ቀሚስ። በእኛ ዘንድ አንድ ቀሚስ ለልጅ ልጅ ያልፋል፤ የለበሰው ሕፃን ሁሉ ስሙ ጠርዙ ላይ በክር ይጠለፋል። ስሙ እስከ ክርስትናው ዕለት ምስጢር ነው፤ ለአያት እንኳ አይነገርም። ለእኔ ግን ከሳምንት በፊት በታሸገ ፖስታ ይመጣል። እምነታቸው ሌላ የሆነም ለማስታወሻ ብለው ያሠራሉ። እናም ከዚህ ህንጻ ብቻ ስምንት ፖስታ ከፍቼ ስምንት ጊዜ "አይኖ" ጠልፌያለሁ። ፒርኮን? አንድም ቀን።

ቀንቻለሁ፤ አልደብቅም። በሙያ ዓይን ሳየው ምክንያቱ ይገባኛል። አይኖ አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የሊማም የናፖሊም አያት ሳትቸገር ትጠራዋለች። የእኔ ስም ግን እንዳልተለቀመ አተር መሃሉ ላይ ጠጠር አለው። ቢሆንም! ተማሪ ሳለን በክፍላችን ስድስት ፒርኮዎች ስለነበርን መምህሯ በቁጥር ነበር የምትጠራን። አይኖ ያኔ የአሮጊት ስም ነበር። "አያቴ፣ ምርኩዝሽን ይዘሻል?" እያልን አብራን የምትማረውን አይኖን እናበሽቃት ነበር። ዛሬ ምርኩዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የእሷ ስም ይሮጣል።

አምና ምድር ቤት የገቡት ፖርቱጋላውያን፣ ግራሳና ባሏ ኑኖ፣ ሴት ልጅ እንደሚጠብቁ ስሰማ ቆርጬ ተነሳሁ። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ መጸው ሲያልቅ ሱቄን ልዘጋ ወስኛለሁ። መርፌዬን ከመስቀሌ በፊት አንዲት ፒርኮ መጥለፍ አለብኝ!

መጋረጃቸውን ሰፋሁላቸው። ሩዝ የተሞላ ቂጣ ትኩስ ትኩሱን ይዤ ወረድኩ። በጨዋታ መሃል "ፒርኮ እኮ ጥሩ ስም ነው፤ ቢታጠብ አይለቅም፣ ቢታጠፍ አይጨማደድም" አልኳቸው። ኑኖ ከንፈሩን አመቻችቶ ሞከረው። ፊቱ ሎሚ የነከሰ ሰው ፊት ሆነ።

"በጣም... ጠንካራ ነው፣ እትዬ" አለ።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ግራሳ ቀሚሱንና ፖስታውን ሱቄ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ፖስታውን ቀደድኩት። አይኖ ይላል።

"ምነው እትዬ ፒርኮ? ክር አለቀ እንዴ?"

"ክር ሞልቶኛል። ያቺ ሴትዮ ግን ምን አቅምሳችሁ ነው? ስሟን እንደ ሎተሪ እያዞረች..."

ግራሳ ግራ ገባት። "እሷ እኮ ስሟን አልነገረችንም። በሯ ላይ ያለው የቤተሰብ ስሟ ብቻ ነው። ጥሩ ስም ንገሪን ስንላት 'ፒርኮ በሏት' ነው ያለችን። 'ባሌ የሞተ ለት ጥቁር ቀሚስ እንደሌለኝ ያወቀችው ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ፒርኮ ብቻ ናት። ሰፍታ በሬ ላይ ሰቅላልኝ ሄደች፤ አንድም ቀን አላነሳችውም። ልጃችሁ እሷን ከመሰለች አታፍሩባትም' አለች። ሞከርነው፤ እናቴ በስልክ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ነው 'ያንቺስ ስም ማን ነው?' ያልናት። አራተኛ ፎቅ ልጃቸውን አይኖ ያሏትንም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያለቻቸው።"

መርፌዬን ፈልጌ አጣሁት። እጄ ላይ ነበር።

በቀን መቁጠሪያችን እያንዳንዱ ስም የራሱ ቀን አለው፤ የፒርኮ ኦክቶበር ሰባት ነው። አይኖ እንደ ሁልጊዜዋ የፖም ኬኳን ይዛ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ያዝኳት።

"ፒርኮ በሉ ያልሽው ለስንት ሰው ነው?"

ቀላች። ኬኩን አስቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። "አሥር።"

"ስንቱ ተቀበለሽ?"

"አንድ። ጀርመናዊው።"

ልቤ ዘለለ። "ሴት ልጅ ወለደ?"

"ውሻ ገዛ።"

ሁለት ሳህን አቀረብኩ።

"ጎበዝ ውሻ ናት አሉ" አለች ቀስ ብላ። "ትእዛዝ አትሰማም እንጂ።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? አልፈለጉሽም ብዬ?" ኬኩን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ ገፋችው። "'ስሜ ተሳፈረ' ማለት ይቀላል።"

ቅናቱ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ኬኩንም የበላሁት በቅናት ነው፤ ሁለቴ።

ባለፈው ሳምንት ሱቄን ልዘጋ ዕቃ ስሸክፍ አንዲት እርጉዝ ቬትናማዊት ገባች። "እናንተ አገር ጥሩ የሴት ስም ማን ነው?" አለችኝ። የመጨረሻ ዕድሌ ነበር። ፒርኮ ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፋ ቆማለች።

"አይኖ" አልኳት። "ለመጥለፍም ይቀላል።"

ሱቁን ቆልፌ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁና በሯን አንኳኳሁ።

"ስምሽ ተሳፈረ" አልኳት።

"ትኬቱን ማን ቆረጠለት?"

"አንዲት ትእዛዝ የማትሰማ ውሻ።"