ከሜዳ የታገደ አማት

በዚህች ዓለም ላይ ከደጋፊ የበለጠ የሚያሳዝን ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ተጫዋች ቢሸነፍ ሮጦ ነው፤ ላቡን ጠርጎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ደጋፊ ግን ሳይሮጥ ደክሞ፣ ሳይመታ ቆስሎ ነው ቤቱ የሚገባው። እህል አይወርድለት፣ እንቅልፍ አይወስደው። ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ብትለው ምን ብሎ ይመልስላታል? «አርባ ጎልማሳ ጠማማ ዱላ ይዞ አንዲት ድቡልቡል እንጨት ሲያባርር ዋለና የእኛዎቹ አልደረሱባትም» ይበላት? ሲናገሩት ያሳፍራል። ሲያዩት ግን ያስለቅሳል።

እኔ ቆሰበር፣ ዛሬ እንጅባራ በሚሏት ከተማ፣ የሰው ሱሪ እየጠገንኩ ያረጀሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። በደርግ ዘመን የስፌት መኪናዬ የምትቀመጥበት በረንዳ የገና ጨዋታ ደጋፊዎች ሸንጎ ነበር። ከገና እስከ ጥምቀት፣ ውርጩ ከሜዳው ላይ ሳይነሣ፣ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳዬን ይሞላዋል። ስለ እሩሯ፣ ስለዚያች ድቡልቡል እንጨት ይከራከራል፣ ስለ ዱላው ይከራከራል፣ ማን ሰነፈ ማን በረታ ሲባባል ይውላል። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣው ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል። የምንጫወተው ከዳንግላ ጋር ነው። ዕድሜ ልካችንን የተሸነፍነውም በዳንግላ ነው።

ከሁላችንም ተስፋ የማይቆርጠው አያ ፈንታ ኮርቻ ሠሪው ነበር። የእሱ ተስፋ ደግሞ ከሌላው ሰው ተስፋ መቁረጥ ይብሳል። «አምና በአራት ተሸነፍን፣ ዘንድሮ በሦስት፤ በዚህ አያያዛችን ከቀጠልን የልጅ ልጆቻችን እኩል ለእኩል ሲወጡ ያያሉ» ይለን ነበር። ይህን ሰምቶ የሚጽናና ሰው ካለ እሱ ዳንግላ ተወልዶ መሆን አለበት።

ሽንፈቱስ ባልከፋ፤ የከፋው ስድቡ ነው። ድሮ «በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ» ይባል ነበር። ያሸነፈ ወገን የተሸናፊውን ጌታ ሳይቀር እየዘፈነ ይሰድበዋል፤ ጌታም ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። አብዮቱ መጣና ጌታ የሚባል ቀረ። በጌታ ፋንታ ጓድ ተተካ። ጓድ ይቆጣል ወይስ አይቆጣም የሚል ተረት ደግሞ እስካሁን አልወጣለትም። እንግዲህ የዳንግላ ገጣሚ ሞኝ ነው? ሹሞቹን ትቶ የስድቡን ድርሻ ጠቅልሎ ለእኛ ለደጋፊዎቹ አሸከመን። የእኔ ስፌት ጠማማነትና የባለቤቴ የእናትነሽ ወጥ ቅጥነት በአውራጃ ደረጃ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ትሸነፋላችሁ ብትሉኝ፣ ምክንያቱ የተጫዋች እጦት አይደለም። እኛ እንወልዳለን፣ ዳንግላ ይወስዳል። ዳንግላ የአውራጃው ከተማ አይደለች? መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ጎበዝ ብቅ ባለ ቁጥር ወይ የመጋዘን ጥበቃ አድርገው ይቀጥሩታል፣ ወይ ሚስት ይሰጡታል። ጥበቃ የሆነው አንድ ቀን እንቅልፍ ጥሎት ሊባረርና ሊመለስልን ይችላል። ሚስት የተሰጠው ግን አለቀ፣ እርሙን ማውጣት ነው።

በመጨረሻ የቀረን ይስማው ብቻ ነበር። ከጥርባ በኩል የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ትከሻው የበር ያህል ሆኖ ምላሱ የለም፤ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። እሩሯን ሲመታት ግን ሜዳው ይናገርለታል። በአንድ የሽንፈት ማግስት በረንዳው ላይ ቆዝመን ሳለን ወሬ መጣ፦ ዳንግላዎች ለይስማው አንዲት ልጅ አሳይተውታል።

ለቅሶ ቤት ሆንን። ኋላ አያ ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገና መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ቀድመን እዚሁ እንዳረው አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለችው ማን ነው ሲባል ግን ሸንጎው በሙሉ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። ልጄ የሺ ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመልሳ እቤት ነበረች። ተቆጣሁ። ልጄ የቡድኑ ንብረት ናት ወይ አልኩ። አያ ፈንታ ሳይቆጣ፣ ሳይስቅ፣ «ደጋፊ ነኝ ትል የለም? ድጋፍህ እስከ የት እንደሆነ ዛሬ እንየው» አለኝ።

እናትነሽን ፈርቼ፣ የሺን ደግሞ የበለጠ ፈርቼ ነገሩን ቤት ውስጥ አነሣሁት። የሺ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ሳቀች። ታዲያ በየዓመቱ ሜዳ ካልወረድኩ እያለች የምታስቸግረን እሩሯን ለማየት ኖሯል? ለካስ ዱላ ያዡን ነበር! ሽማግሌ ተላከ፣ በጥር ተዳሩ። በሠርጉ ቀን ደጋፊው እንዴት እንደጨፈረ ያየ መንገደኛ ዳንግላን ያሸነፍን መስሎት ነበር።

ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ግን ነገሩን አላሰበውም። ሁላችንም የሰው አማች ነን፤ ወጉን እናውቀዋለን። በእኛ አገር አማች አማቱ ፊት ቀና ብሎ አያይም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እግሩን ገልጦ አይታይም። አማቱን ካየ ቆሞ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። የጨዋታ ፍቅር ምን ያህል ሰውን እንደሚያሳውር ተመልከቱልኝ።

ገና ደረሰ። እኔ እንደ ልማዴ ከመስመሩ ዳር ከሁሉ ፊት ቆሜያለሁ። ይስማው እሩሯን ከሦስት ዳንግላዎች መሃል ነጥቆ በእኔ በኩል ነጎደ። ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ያለኝን ጉሮሮ ሁሉ ከፍቼ «በላት!» ብዬ ጮኽኩ። አዬ ጥፋቴ! ድምፄን ሰማና ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ቀጥ ብሎ ቆመ። ዱላውን ብብቱ ስር ሸጎጠ፣ እስከ ጉልበቱ የሰበሰበውን ሱሪ ወደ ታች ለቀቀ፣ ወገቡን አጠፈና «እንደምን ዋሉ አባቴ?» አለኝ።

ምን ላድርግ? ሰላምታ አለመመለስስ ነውር አይደለም? «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤት እንዴት ነው?» አልኩት። ቤት ደህና ነው። እናትህስ? እሷም ደህና ናት። ስለ ጊደሯ ጤንነት ስንጠያየቅ ዳንግላዎች እሩሯን በእርጋታ ወስደው፣ በእርጋታ አገቧት። ማንም አልተከላከለም፤ የእኛ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እኛን ሲያይ ነበር።

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራ። ሽንፈቱ በሂስና ግለሂስ ይገመገማል ተባለ። መጀመሪያ ይስማው ተነሥቶ ራሱን እንዲሄስ ታዘዘ። ተነሣ፣ ዙሪያውን ቃኘ፣ እኔን አየኝ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶኝ ተመልሶ ተቀመጠ። በአማቱ ፊት ምን ብሎ ይናገር? ግለሂሱ እንዲቀጥል እኔ ከአዳራሽ እንድወጣ ተደረገ። ሲያልቅ የሰማሁት ውሳኔው ነው፦ አማት ማፈር ኋላ ቀር የፊውዳል ርዝራዥ ስለሆነ በሜዳ ውስጥ አማትና አማች የለም፣ ያለው ጓድ ብቻ ነው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ከውጭ ሆኜ አጨበጨብኩ።

በጥምቀት ዳንግላ ሄድን። ይስማው እሩሯን ይዞ መጣ። አየኝ። ቆመ። ፊቱ ላይ ውሳኔውና አስተዳደጉ ሲታገሉ በዓይኔ በብረቱ ተመለከትኩ። በመጨረሻ ሱሪውን ለቀቀና ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ጓድ አባቴ» አለኝ። መሬት የወረሰ፣ ትርፍ ቤት የወረሰ መንግሥት ይሉኝታን መውረስ አቃተው።

ዳንግላዎች ደግሞ ጅል አይደሉም። ሁለተኛ ሰላምታ እስኪደገም አልጠበቁም፤ ጨዋታውን ጠቅልለው እኔ ወደቆምኩበት አመጡት። ወደዚያኛው ዳር ብሸሽ ተከተሉኝ። ከአያ ፈንታ ጀርባ ብደበቅ ይስማው «ሳላያቸው አልፌ እንዳላስቀይማቸው» እያለ በዓይኑ ይፈልገኛል። ውጤቱን አትጠይቁኝ።

በማግስቱ አያ ፈንታ ብቻውን በረንዳዬ መጣ። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። ኋላ «አያ ሙሉነህ፣ ቆሰበርን ትወዳለህ?» አለኝ። ልጄን የሰጠሁት ለማን ሆነና አልኩት። «እንግዲያው ከእንግዲህ ሜዳ አትምጣ» አለኝና እሱው ራሱ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አባቴ በትከሻው ተሸክሞ ከወሰደኝ ቀን ጀምሮ ታምሜ እንኳ ያልቀረሁበት ሜዳ ነው። ሌላ ደስታ የለኝም፤ እሱም ደስታ ከተባለ።

የሚቀጥለው ገና መጣ። ቆሰበር ሽማግሌ ሕፃን ሳይቀር ሜዳ ወረደ። እኔ ቤት ቀረሁ። እናትነሽ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት፤ ጥጥ ልፈልቅቅ ብዬ ነው ብትልም፣ የምትጠብቀው እኔን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከሩቅ ጩኸት ይሰማል። የጩኸት ክፋቱ የደስታው ከሐዘኑ በሩቅ አይለይም። አንዱ ጩኸት በተሰማ ቁጥር አንድ ገባብን እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ስሰፋ የዋልኩትን ሱሪ ኋላ ባየው አንዱን እግር ከሌላው ጋር ገጥሜዋለሁ።

ከዚያ ዘፈን መጣ። ጆሮዬን አቀናሁ። የዳንግላ ዘፈን አይደለም፤ የእኛ ነው! አሸነፍን! አባቴ ሳያየው የሞተውን፣ እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን ባየሁት ብዬ የተሳልኩለትን፣ ቆሰበር ከነሕፃኑ አየው። ከቆሰበር ሕዝብ ሳያየው የቀረ አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ሙሉነህ ይባላል። መደሰቴ አልቀረም፤ ግን ደስታው እንደ ሰው ቤት ድግስ በሩቁ ሸተተኝ እንጂ አልቀመስኩትም።

አመሻሹ ላይ ይስማውና የሺ መጡ። በለው፣ ጨዋታውን በዓይኔ ባላየው ከባለቤቱ አፍ እሰማዋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። ይስማው በሩ ጥግ ተቀመጠና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ጨዋታው እንዴት ነበር አልኩት። ደህና ነበር አለ። ማን አገባ? ልጆቹ። አንተስ? እግዚአብሔር ረዳን። አለቀ! አማች አማቱ ፊት ራሱን ያሞግሳል እንዴ? ወደ የሺ ዞርኩ። የሺ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ተዘግቷል። በእጇ ልታስረዳኝ ሞከረች፤ እኔ የገባኝ ግን አንድ ሰው መውደቁ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሸንጎው በረንዳዬ ላይ ተሰየመ። የጥምቀቱ የቡድናችን ተስፋ ምን ይመስላል በሚለው ላይ ክርክር ተከፈተ። አንዱ ይስማውን አመሰገነ፣ ሌላው ዱላውን። አያ ፈንታ ግን የኔኑ ሻይ እየጠጣ፣ በኔው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የዘንድሮው ትልቁ ብርታታችን የአያ ሙሉነህ አለመኖር ነው አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ። ሰዉ ሁሉ ዳንግላ ቢሄድ እንኳ እኔ ከቆሰበር ንቅንቅ እንዳልል ተወሰነ። አንዱማ ዕድሜዬን እንዲያረዝምልኝ ፈጣሪን ለመነ፤ ሞቼ ይስማው ሐዘን ቢቀመጥ ማን ይጫወትልናል ብሎ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ በረንዳው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ሁለት ነጫጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ኮርቻ የተጫነች በቅሎ እየሳቡ መጡ። ከዳንግላ ነው የመጣነው አሉ። እርስዎን የመሰሉ የጨዋታ ወዳጅ በበዓል ቀን ቤት ተዘግቶባቸው መዋላቸውን ሰምተን አዘንን አሉ። ለእርስዎ የክብር ወንበር ተዘጋጅቷል፣ ምንጣፍም ተነጥፏል፣ ከሰው ሁሉ ፊት ይቀመጣሉ፤ በቅሎዋን የላክንልዎም ለዚሁ ነው አሉ።

የመጡበት ነገር አልጠፋኝም። ደሜ ፈላ። እኔ ቆሰበርን ልሸጥ? ልጄን የሰጠሁላትን ከተማ? እናትነሽ ከበሩ ላይ ቆማ አፌን አፌን ታየኛለች። መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰካሁ፣ መነጽሬን አወለቅኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እነዚህን ሰዎች የማባርርበትን ቃል በልቤ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር፤ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። ከአፌ የወጣው ግን «ለመሆኑ ወንበሩ ሜዳውን በሙሉ ያሳያል?» የሚል ሆነ።